የተረፈን አራት ሺህ ብር የት ገባ?

እስቲ ዛሬ ስለ ሒሳብ እናውራ። "ጋዜጠኝነት የሚማረው ከሒሳብ የሸሸ ነው" እያላችሁ ስትቀልዱብን የከረማችሁ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ካልኩሌተር ይዘን መጥተናልና ታገሡን።

እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ ዲፓርትመንት ወጥተን አንድ ቤት የምንኖር፣ ዕድሜያችን ከሠላሳ ያልዘለለ፣ ደመወዛችን ደግሞ ከዕድሜያችን ጋር እኩል ማደግ ያቃተው ሴቶች። እስከ አምና ድረስ ገርጂ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነበር። ኪራዩ 21 ሺህ ብር፣ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 7 ሺህ ብር። ከዚያ አንድ ቀን አከራያችን ጠሩንና የአዲስ አበባ ተከራይ ሁሉ የሚያውቀውን ዜና ነገሩን። "ልጆቼ፣ ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነውና ቤቱን ብትለቁልኝ።" ለቀቅን። ልጁ እስካሁን አልመጣም። ቤቱ ግን በማግስቱ በ30 ሺህ ብር ተከራየ።

ደላላው ወደ ዳር ወሰደን። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ወደ አንዱ (የትኛው እንደሆነ የማንናገርበትን ምክንያት ወደ በኋላ እንነግራችኋለን)። ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ 9 ሺህ ብር። "አየሩን እዩት እህቶቼ፣ እንደ ገጠር ነው!" አለን። ያየነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ፀሐይ ነበረች፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱ ነበር፣ አየሩም እውነት ደስ ይላል። ለእያንዳንዳችን 3 ሺህ ብር ማለት ነው። በወር አራት ሺህ ብር ይተርፈናል! አንዳችን ለማስተርስ ልትቆጥበው፣ አንዳችን ለእናቷ ልትልከው፣ አንዳችን ላፕቶፕ ልትገዛበት ወዲያው ተካፍለን ጨረስነው።

እንግዲህ ሒሳቡ እነሆ። ገርጂ ሳለን ወደ ሥራ የምንሄደው በአንድ ታክሲ ነበር። አሁን በሦስት ነው። ልዩነቱ ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1,560 ብር። ማታ ተረኛ በምንሆንበት ቀን ደግሞ ሁለቱ ታክሲ ይገኝና ሦስተኛው አይገኝም። ያኔ በስልክ ሜትር ታክሲ ይጠራል። ሾፌሩ የምንሄድበትን ሲሰማ "እዛ ሄጄ ባዶዬን ነው የምመለሰው" ይላል። እውነቱን ነው። ከ400 ብር በታች አይንቀሳቀስም። በወር ሰባት ጊዜ ብቻ ብንጠራ 2,800 ብር። ደምሩት፤ 4,360 ብር።

ተረፈን ያልነው አራት ሺህ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ እኛ ነን።

ይህ ግን በብር የሚቆጠረው ብቻ ነው። አሁን ወደማይቆጠረው እንምጣ።

ታክሲው ከሚያወርደን ቦታ እስከ ብሎካችን በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ምሰሶ አለ፣ መብራት የለም። በአንድ በኩል ያልተጠናቀቁ ሕንፃዎች፣ በሌላ በኩል ሜዳ። ባለፈው ጥር አንዳችን ከምሽቱ 2:40 ላይ ከታክሲ ወርዳ ስትሄድ ሁለት ሰዎች ከኋላ መጥተው አንገቷን ያዟት። ስልኳንና ቦርሳዋን ወሰዱ፣ መሬት ላይ ጥለዋት ሄዱ። ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ሰውነቷ ደህና ነው። ደህና ናት ግን አንልም። ላመልክት ብላ ስትሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ "በዚህ ሰዓት ከየት ነው የምትመጪው?" የሚል ነበር። ከሥራ። ለእናንተ የምሽት ዜና ከምታነብበት ቦታ።

ከዚያ ቀን በኋላ የማታ ተራ ላለመግባት ጠየቀች። ተፈቀደላት። የማታ ተራ ሲቀር አበሉ ቀረ፣ አበሉ ብቻ ሳይሆን የዜና አንባቢነቱም ቀረ፤ ዋናው ዜና የሚነበበው ማታ ነዋ! አሁን ጠዋት ጠዋት የአየር ትንበያ ታዘጋጃለች። ማንም አላባረራት፣ ማንም አላዋረዳት። አራት ዓመት የተማረችበትን ሙያ ያሳጠራት አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ የሚመጡ መካሪዎችን እናውቃቸዋለን። አንደኛው "አርፋችሁ በጊዜ ቤታችሁ ግቡ" ይላል። በጊዜ የሚባለው ስንት ሰዓት ነው? የፋርማሲ ሠራተኛዋ፣ ነርሷ፣ የሆቴል አስተናጋጇ፣ የማታ ተማሪዋ በየትኛው ሰዓት ይግቡ? ይህ ምክር ሲተነተን "ሴት ልጅ ርካሽ ቤት ከፈለገች ማታ የሚሠራ ሥራ አትያዝ" ማለት ነው። ሥራ ካልያዝን ደግሞ ርካሹንም ቤት በምን እንከፍላለን?

ሁለተኛው "ወጣቶች ሁሉ ቦሌ መኖር አማራችሁ" ይለናል። ወንድማችን፣ ቦሌን ተወው። እንደኛ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ የሄዱት ሁሉ አምሯቸው አይደለም የሄዱት። አቅማቸው ያደረሳቸው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ብልህ ነው። "ሌባ መሀል ከተማም አለ፤ መርካቶ ስልክ አልተነጠቀም ወይ?" ይላል። ልክ ነው፣ አለ። እንዲያውም ሳይታችንን በስም ያልጠራነው ለዚህ ነው። አንድ ሠፈር አንዴ "የሌባ ሠፈር" ከተባለ ልጆቹ ሥራ ሲያመለክቱ እንኳ አድራሻቸውን ይደብቃሉ። ጎረቤቶቻችን ሌባ አይደሉም። የዚያን ቀን ጩኸት ሰምተው ባትሪ ይዘው የወጡት እነሱ ናቸው፣ ውሃ ያጠጧት እነሱ ናቸው። አደጋው የሰዎቹ መኖር ሳይሆን መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። መርካቶ ብትነጠቅ የሚያይህ ሰው አለ። እኛ መንገድ ላይ ግን ከሳሽም ምስክርም አንድ ሰው ነው፣ እሷው የተነጠቀችው።

ይህን ያስተማሩን የሳይታችን በቆሎ ሻጭ ናቸው። ታክሲ መውረጃው ላይ ከሰል አያይዘው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በቆሎ ይጠብሱ ነበር። ስናልፍ "ልጆቼ ገባችሁ?" ይሉናል። አጠገባቸው ሻይ የምታፈላ፣ ሻይ የሚጠጡ ባለባጃጆች፣ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ነበሩ። ያ ፍም ለእኛ የመንገድ መብራት ነበር። አንድ ሰሞን ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ጉልቱን ሁሉ አስነሱት። መንገዱ ጸዳ፣ ማለትም ባዶ ሆነ። ጓደኛችን የተነጠቀችው በቆሎ ሻጯ በተነሡ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም፤ ማታ 2:40 ላይ መጥቶ መንገዱን አብሮን ይሂድ።

ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በዚህ ከተማ ቤት የሚቆጠረው በብሎክና በቁልፍ ነው። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በ1997 ዓ.ም. ተካሄደ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ተደገመ። የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ከ15 ዓመት በላይ የጠበቁ አሉባቸው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የተከራከርነው ስለ ስንት ቤት፣ ስለ ማን ስም፣ ስለ ስንት በመቶ ቅድመ ክፍያ ነው። ቤቱ በማታ እንዴት ይደረሳል የሚለው ጥያቄ ዕጣ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ተደስተን ነበር። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። መልካም። ግን ኮዬ ፈጬ አይደርስም፣ ቦሌ አራብሳ አይደርስም፣ አባዶ አይደርስም፣ ጀሞ አይደርስም። ሰው ሌላ ቦታ ሄደ፣ ሐዲዱ ሌላ ቦታ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ አለ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ አለ፣ የኪራይ ጭማሪንም በዘፈቀደ እንዳይሆን ገደበ። እኛ አዋጁን እንደግፋለን፤ "ልጄ ሊመጣ ነው" የሚል አንቀጽ ሳይኖረው እንኳ። ነገር ግን አዋጁ የሚያውቀው ዋጋ ውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። የእኛ ኪራይ ውሉ ላይ 9 ሺህ ተብሎ ይጻፋል፤ የቀረውን ታክሲው፣ ሜትር ታክሲውና ጨለማው ያስከፍሉናል።

እንዳንዋሽ፣ ከተማው መብራት ማብራት አያውቅም አንልም። ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳ አራት ኪሎ ማታ በእግራችሁ ሂዱበት። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ድሮ መሬት ላይ የወደቀ ሳንቲም ያስነሣል። ደስ ይለናል። የማይገባን ይህ ነው። በዚያ መብራት ሥር ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ዳር ሄደዋል። ሰዎቹን ወደ ዳር፣ መብራቱን ወደ መሀል! ፒያሳ ማታ የሚንሸራሸረው ሰው መብራት እንደሚያስፈልገው ከታወቀ፣ ከሥራ ወደ ቤቷ የምትገባው ሴት አያስፈልጋትም ያለው ማን ነው?

ስለዚህ አቋማችን አጭር ነው። ቤት "ርካሽ ነው" ወይም "ሰላም ነው" ተብሎ ሁለት ምርጫ ሆኖ ሊቀርብልን አይገባም። ሰላም ቅንጦት ስላልሆነ፣ ገንዘብ ያለው ገርጂ ላይ የሚገዛው፣ የሌለው ደግሞ የሚተወው ዕቃ አይደለም። መንገዱ ካልበራና ማታ 3 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ካላደረሰው ቤቱ አላለቀም። ያላለቀ ቤት ደግሞ "ተላልፏል" ተብሎ አይዘገብ። ይህን ለባለሥልጣናቱ ብቻ አይደለም የምንለው፤ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ ይዘን የምንሄደው እኛው ጋዜጠኞች ነን። "ስንት ቤት?" ብለን ጠይቀን እንመለሳለን። "የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?" ብለን የጠየቅንበትን ቀን አናስታውስም። ጥፋቱ ከእኛም ይጀምራል።

ቤት ለምትፈልጉ እህቶቻችን ደግሞ ከደረሰብን ተነሥተን ጥቂት እንበል። ቤቱን ቀን አትዩት፤ ማታ 2:30 ላይ፣ በምትመለሱበት ታክሲ ሂዱ። ከመውረጃው እስከ በሩ ያለውን ደቂቃ ቁጠሩ። በመንገዱ ላይ ስንት ሱቅ ክፍት እንደሆነ፣ ጉልት የተቀመጠ ሰው መኖር አለመኖሩን እዩ። ደላላውን ሳይሆን እዚያ የምትኖር ሴት ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ላይ የመንገዱን ደምሩበት፣ የቤቱ ዋጋ ያ ነው።

ይህ ምክር ግን ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። እያንዳንዳችን የተሻለ ሠፈር ፈልገን ብንሸሽ፣ የምንለቀውን ቤት ነገ ሌላ ሦስት ሴቶች ይከራዩታል። እኛ እስካሁን አልለቀቅንም። ባለፈው ወር ከብሎካችን ሴቶች ጋር ተነጋግረን ከ2 ሰዓት በኋላ የምንገባ ሁሉ በስልክ ተጠባብቀን በቡድን መሄድ ጀምረናል፤ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ እንሆናለን። ለወረዳው ሃምሳ ሦስት ፊርማ ያለው ማመልከቻ አስገብተናል። መብራት ይብራልን፣ በቆሎ ሻጯም ይመለሱልን ብለን ጠይቀናል። ሁለተኛውን ጥያቄ ሲያነቡ ሳቁብን።

ይሳቁ። መልሱን ስናገኝ እዚሁ እንነግራችኋለን። እስከዚያው ግን አንድ ሰው "ዳር ላይ ቤት ርካሽ ነው" ሲላችሁ፣ ልዩነቱን ማን እየከፈለ እንደሆነ ጠይቁት።