ዝናቡን የሚቀድመው ነፋስ

በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ የኢጋድ የአየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል፣ በአጭሩ አይክፓክ የሚባለው፣ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን የዝናብ ወቅት ትንበያ ያወጣል። እኛ በልግ የምንለው፣ ኬንያውያን ደግሞ ማሲካ የሚሉት ወቅት ማለት ነው። ወሬው ካኩማ ሲደርስ ግን ተሰባብሮ ነው። አንዱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ "ዘንድሮ ጎርፍ ነው አሉ" ይላል፤ ሌላው ደግሞ "የለም፣ ድርቅ ነው ያሉት" ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ ወረቀት ነው። እኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ስለ ዝናቡ ብዛትና ማነስ ብቻ እያወራን ነፋሱን መርሳታችን ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ምን እንደሚል እንግባባ። ባለሙያዎቹ ያለፉትን 30 ዓመታት ዝናብ ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረድሩና ለሦስት ይከፍሉታል፦ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ለአንድ አካባቢ "ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው" ካሉ፣ በቀሪው 55 በመቶ ሌላ ሊሆን ይችላል ማለታቸው ነው። ደግሞም የሦስት ወሩ ድምር እንጂ የአንድ ቀን ዝናብ አይደለም። የሦስት ወሩ ዝናብ በሁለት ማታ ወርዶ ሊያልቅ ይችላል፤ ቱርካና ውስጥ የኖረ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ባለፉት ዓመታት ያየነውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ። ከዚያ በ2023 መጨረሻ ኤልኒኞ መጣና ዳዳብ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ቤት ውሃ ገባበት። በ2024 በልግ ደግሞ በኬንያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሻገር የወራት ጊዜ ብቻ ነው የፈጀው።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ። በኢትዮጵያ ደጋና በኬንያ ደጋ መካከል ዝቅ ያለ በር አለ፤ ቱርካና የተኛችው እዚያ በር ላይ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው አየር በዚህ ጠባብ በር ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ባለሙያዎች የቱርካና ጄት ይሉታል። ከሐይቁ ወዲያ ማርሳቢት ውስጥ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጩ የተደረገው ለዚሁ ነው። ለእነሱ መብራት ሆነ፤ ለእኛ አቧራ፣ የዓይን ሕመምና የተገነጠለ ቆርቆሮ ነው (መብራቱንም ቢያካፍሉን ባልከፋ ነበር)።

ከዚህ ከዘወትሩ ነፋስ የባሰው ግን የማዕበሉ ነፋስ ነው። የዝናብ ደመና ሲያብጥ ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ይወረወርና በየአቅጣጫው ይበተናል። ይሄ ነፋስ ዝናቡን በደቂቃዎች ይቀድመዋል። ሜዳው ገና ደረቅ ነው፣ ማኩቲው ደረቅ ነው፣ ሸራው በፀሐይ ተቃጥሎ እንደ ወረቀት ሆኗል። ስለዚህ ለእሳት ከሁሉ አደገኛው ሰዓት "ዝናብ መጣ" ብለን ደስ የሚለን ሰዓት ነው።

ይህንን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ባለፈው ዓመት በእኛ መስመር አንዲት እናት ከቤታቸው ደጃፍ ቡና እየቆሉ ነበር። አቧራው ድንገት ሲነሳ ልጆቹንና የተሰጣውን ልብስ ሰብስበው ገቡ። ማንም እንደዚያው ያደርጋል። ምድጃው ግን ውጪ ቀረ። ፍሙ ከጎን ያለው አጥር ላይ አረፈ፣ ከዚያ ማኩቲው ተያያዘ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ቧንቧው ውሃ የለውም፣ ጀሪካኖቻችንም ባዶ ናቸው። ሁለት ቤት ተቃጠለ። እሳቱ የሚበላውን በልቶ ሲያበቃ ዝናቡ ወረደ። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የሴትየዋ ማኒፌስት አብሮ ነደደ፤ ምትኩን ለማግኘት ወራት ፈጀባቸው። በካምፕ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

የታራች ወንዝም ነገር ያው ነው። እዚህ ፀሐይ እያቃጠለን ላይኛው ተራራ ላይ ሲዘንብ ደረቁ አሸዋ በአንድ ጊዜ ወንዝ ይሆናል። "ትንበያው ከመደበኛ በታች ነው" ብሎ ልጁን በወንዙ አቋርጦ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ተሳስቷል፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመትም አንድ ጎርፍ ይበቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዶች "ኤጀንሲዎቹ ያስቡበት" ይላሉ። ማሰብ አለባቸው፣ አልክድም። ለምሳሌ የኬንያ ሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነፋሱ ከ25 ኖት፣ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ያልፋል ብሎ ሲያስብ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ቱርካናና ማርሳቢትም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ማስጠንቀቂያው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው። እማማ ምድጃቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ያንን ከየት ያነቡታል? ወደ አማርኛ፣ ወደ ሶማሊኛ፣ ወደ ዲንካ ተተርጉሞ ውሃ ቦታው ላይ ቢለጠፍና በድምፅ ማጉያ ቢነገር አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው። ስልክ ያላቸው ወጣቶቻችን ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ደብዳቤ መጻፍና ስብሰባ መጠበቅ አያስፈልግም።

የቀረው በእጃችን ያለ ነው። በዙሪያችን ከአሸዋ የተረፈ ነገር የለም፤ ከየምድጃው አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ፤ አቧራ ሲነሳ ከልብሱ በፊት ፍሙ ይዳፈን። አመዱንም ማታ ደጅ አትድፉት፣ ውስጡ የተኛ ፍም ሌሊት በነፋስ ይነሳል። ማኒፌስቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በር አጠገብ ይሰቀል። መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ቁጠሩ፦ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 30 ሳይሞላ ከተሰማ ከዛፍ ሥር ውጡና ቤት ግቡ። የብሎክ ሊቀመናብርትም በሚቀጥለው ስብሰባ ከራሽኑ ጉዳይ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ለዚህ ቢሰጡልን፣ ባልዲውን ከየት እንደምናመጣ እዚያው እንነጋገርበታለን።