«ቡክራ» የምንለው ለማይጮኸው ሰው ነው

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሽንኩርትና ስለ ዶላር ሳይሆን ስለ ሙዚቀኛ ነው። ዶላሩ ግን መሀል ላይ መግባቱ አይቀርም።

እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ቀን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና እናከፋፍላለን። ማታ ደግሞ በሽርክና የያዝናት ምግብ ቤትና ባር አለችን፤ አርብና ቅዳሜ ባንድ ይጫወትባታል። ባንድ ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ድምፃዊ፣ በቃ አምስት ሰው ናቸው።

ባለፈው ወር ቤዝ ተጫዋቹ ለቀቀ። አልተጣላም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ቅዳሜ ሌሊት ተጫውቶ ሲጨርስ ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፣ ኬብሎቹን ጠቀለለ፣ የእኛ የሆነችውን አንዷን ኬብል ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። «ካምፓላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎን ሄደ። እኛም «ምን ጎደለበት?» ተባባልን። መልሱን ያገኘነው ሰኞ ዕለት ደብተሩን ስናገላብጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ እንንገራችሁ። ባንድ ቀጥራችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ጥሩ ጠባይ ማለት ፈገግታ ብቻ ይመስላችኋል። ሁለት ሰዓት ይጀመራል ከተባለ እሱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደርሶ ድምፅ ማጉያውን ይፈትሻል። ኪቦርዱና ድራሙ «ያንተ ድምፅ በዛ» «የለም ያንተ ነው የበዛው» ብለው ሲነታረኩ ዳኛ ሆኖ አይገባም፤ ቀድሞ የራሱን ድምፅ ይቀንሳል። ያኔ ሁለቱም ያፍራሉ። ድምፃዊቷ አንድ ቀን ዘፈኑን ከተለማመዱት ቅኝት ውጭ ጀመረችው። እሱ በሁለት ምት ውስጥ ተከትሏት ገባ፤ ታዳሚው አላወቀም። የነገራት በማግሥቱ፣ ብቻዋን ነው። የሱዳን ደንበኞቻችን የሚወዱትን ምት ማንም ሳያዝዘው ቁጭ ብሎ ተማረ። ሰክሮ አንድ ዘፈን አራት ጊዜ የሚያስደግም ጠረጴዛ ሁሌም አለ፤ አራተኛውን እንደ መጀመሪያው ይጫወትለት ነበር። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ጊታሩ ዝም ሲል ከድራመሩ ጋር እያጨበጨበ ቤቱን ያቆየዋል። ኪቦርዱ በዚያች ሰዓት ውጭ ወጥቶ ሲጋራ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ። በስምንት ወር ውስጥ ገበያ ቀዝቅዞ ሁሉንም በአንድ ማታ መክፈል ያቃተን ስድስት ጊዜ ነው። በስድስቱም ጊዜ ኪቦርዱ በዚያው ሌሊት ተከፍሎታል፤ ካልተከፈለው «መሣሪያዬን ይዤ እሄዳለሁ» ይላልና። ድምፃውያኑ ከሽልማት ያገኛሉ። ለቤዙና ለድራመሩ ግን «ቡክራ» ነው ያልናቸው። ያች ቡክራ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ አንዴም አምስት ሳምንት ሆናለች። ቤዙ «ችግር የለም፣ እናንተም እንዳልተመቻችሁ አውቃለሁ» ይለን ነበር። እኛም ስለዚህ ጠባዩ በየቦታው እያነሳን እናመሰግነው ነበር!

ኮሜርስ ስንማር ተከፋይ ሂሳብ የሚባል ነገር አስተምረውናል። ያልተከፈለ ደመወዝ የቀጣሪው ዕዳ ነው፤ የሠራተኛው ደግነት በዕዳው ላይ ቅናሽ አያመጣም። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ትምህርቱን ግን ረሳነው። አቅራቢ ሲጮህብን ቀድመን እንከፍላለን፣ የታገሠንን እናቆያለን። ሁላችንም ነጋዴዎች እንዲህ ነን፤ እንዳንዋሽ።

እዚህ ላይ ዶላሩ ገባ። ውላችን በደቡብ ሱዳን ፓውንድ ነበር። ፓውንድ እጅ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ባንክ ላይ ከ3 ፓውንድ ገደማ ወደ 18 የዘለለበትን ቀን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ከዚያም ወዲህ ፓውንዱ መውረዱን አላቆመም። እኛ ራሳችን የበርበሬ ዱቤ ስንሰጥ በዶላር አስበን ነው የምንጽፈው። የቤዙን ደመወዝ ግን አምስት ሳምንት አቆይተን ያንኑ ፓውንድ ቆጥረን ሰጠነው። እናቱ ጎንደር ናት፤ ገንዘቡን መንዝሮ ነው የሚልክላት። እኛ ሳንነካው የቀነስነው ደመወዝ ከእናቱ ምሳ ላይ ተነሳ። ጥሩ ጠባዩ ወጪ ነበረው፤ ወጪውን የከፈለው እሱ፣ ትርፉን የበላነው እኛ።

ከሸሪኮቻችን አንዷ አሁንም አልተስማማችም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ይጠይቀን ነበር» ትላለች። ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን ባንድ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ አስቸጋሪ ይባላል፣ በሚቀጥለውም ቤት ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። አስቸጋሪ ያልሆነውን ሰው ፈልገን ቀጥረን፣ አስቸጋሪ አልሆንክም ብለን መውቀስ አይሆንም።

የሽልማቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ደንበኛ ተነስቶ ብሩን የሚለጥፈው ድምፃዊ ግንባር ላይ ነው። ከኋላ የቆመ ቤዝ ግንባር ያለው አይመስልም። ማህሙድ አህመድን የማያውቅ የለም። ከአይቤክስ ባንድ እስከ ሮሃ ባንድ የስንቱን ድምፃዊ ዘፈን በቤዝ ጊታሩ የተሸከመውን ጆቫኒ ሪኮን ስም ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኛም ያወቅነው ከዚሁ ቤዛችን ነው።

ስለ ዋልያስ ባንድም የነገረን እሱ ነው። በፊት መሣሪያው የቤቱ ባለቤት ነበር፤ ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ገብቶ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ራሳቸው ተዋውለው አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ተጫወቱ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚውም ሙዚቀኛውም እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር ይባላል። (የእኛም ባንድ መንገዱ ሲያስፈራ አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያድራል፤ ይህን ስንሰማ ሳቅን።) እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደው ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ኪቦርዱን ታክሲው ውስጥ ይዞ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያስታውሰው፣ እጁ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ።

ይህን የነገርናቸው አንድ ባለ ባር ወንድማችን «ታዲያ ያ ሰው ማን ከፍሎት ነው የተለማመደው? ሙዚቀኛ ፍቅሩ ይበቃዋል» አሉን። እኛ ግን የሰማነው ተቃራኒውን ነው። እንጀራውን የሰጠው ታክሲው ነበር። ፍቅሩ ኪቦርዱን እንዳይተው አደረገው እንጂ የቤት ኪራይ አልከፈለለትም። በፍቅሩ እየመነዘርን ደመወዝ ማቆየት ንግድ አይደለም።

አሁን ያደረግነው ይህ ነው። የባንዱ ክፍያ በዶላር ተመን ተጽፎ በዕለቱ ምንዛሪ ይከፈላል፣ በዚያው ሌሊት፣ ከካዝናው ከቢራውና ከናፍጣው ሂሳብ በፊት። ገንዘቡ ካልሞላ አምስቱም እኩል ይጎድልባቸዋል፤ ቡክራም ከሆነ ለአምስቱም ቡክራ ነው። ሽልማቱ ግማሹ ለተሸለመው፣ ግማሹ ለባንዱ ይሁን አልን። ድምፃዊቷ እሺ አለች፤ ወንዱ «የተሸለምኩት እኔ ነኝ» ብሎ እስካሁን አኩርፏል፣ ሊለቅም ይችላል። ኪቦርዱም አልተደሰተም። ከለቀቁ ገበያችን ይጎዳል፤ እናውቃለን። ለቤዙም በምንዛሪ የጎደለበትን አስልተን ወደ ካምፓላ በምትመላለስ እህታችን በኒሙሌ በኩል ላክንለት። «ደርሶኛል» አለ። ቀጥሎ የጠየቀን የድራመሩ ተከፍሎት እንደሆነ ነው። ያን ቀን ገና አልከፈልነውም ነበር።

ለጊዜው ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዙን ደርቦ እየተጫወተ ነው። ደንበኛው ልዩነቱን አላስተዋለም፤ ድራመሩ ግን «ብቻዬን የምሮጥ ይመስለኛል» ይላል። ቤዝ የሚጫወት የምታውቁ ላኩልን። የእኛንም ጠባይ ከድራመሩ ጠይቆ ይምጣ።