ቅርንፉድ ለሻይ ወይስ ለአረም?

ባለፈው ክረምት የግቢያችን ኮብልስቶን ስንጥቅ ሁሉ ሰርዶ አበቀለና እናቴ «አንተ ልጅ፣ ይቺን እንኳን ንቀል» አለችኝ። መጎንበሱ ስላስጠላኝ ኢንተርኔት ላይ ተጣድኩ። እዚያ መፍትሔ ሞልቷል፦ የቅርንፉድ ዘይት፣ የቀረፋ ዘይት፣ የጠጅ ሳር ዘይት... «ኬሚካል የሌለው፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ አረም ማጥፊያ!» እኔም አንዲት ብልቃጥ የቅርንፉድ ዘይት ገዛሁ (ዋጋውን ለእናቴ አልነገርኳትም)፣ ከውሃና ከትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በጥብጬ ፀሐይ ወጣ ሲል ረጨሁት።

እውነት ለመናገር ሠርቷል። እስከ ማታ ቅጠሉ ጠወለገ፣ በማግስቱ ቡናማ ሆነ፣ ግቢው ሻይ ቤት ሻይ ቤት ሸተተ። እኔም ጎረቤት ለጎረቤት ስሰብክ ሰነበትኩ። በሁለት ሳምንቱ ግን ሰርዶው ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ አለ። «ያረምከው ገንዘብህን ነው» አለች እናቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይቱ ቅጠል ላይ ሲያርፍ የሴሎቹን ሽፋን ያፈርሳል፤ በውስጣቸው ያለው ውሃ ይፈስሳል፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። የሚያቃጥለው ግን የነካውን ብቻ ነው፣ ወደ ሥር አይወርድም። ገና የበቀለ ለጋ አረም በዚያው ይሞታል። ሰርዶ ግን ጉልበቱ ከመሬት በታች ስለሆነ ይስቅብሃል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የኔ ኪስ ብቻ ነበር። የሚያሳስበኝ እኛ ከተሜዎች ይህንኑ ብልቃጥ ይዘን ገበሬውን «መርዝ ትተህ ወደ ተፈጥሮ ተመለስ» ስንል ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሙከራዎች እንደሚያሳዩት አረምን በደንብ ለማቃጠል ከርጭቱ ከ5 እስከ 10 በመቶው ዘይት መሆን አለበት። ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ርጭት ብንይዝ፣ በ10 በመቶ 20 ሊትር ዘይት ይመጣል። ይህን ለማውጣት ከ100 ኪሎ በላይ ደረቅ ቅርንፉድ ይፈጃል። በዚያ ላይ ዘይቱ ጤፉን ከአረሙ አይለይም፤ ሁለቱንም ያቃጥላል። ገበሬው የለመደው ቱፎርዲ ግን ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም መትቶ ጤፉን ይተወዋል። ያ ከሌለ የሚቀረው በእጅ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚያርሙት ደግሞ እኛ ሳንሆን እናቶችና ልጆች ናቸው።

ታዲያ ለኬሚካሉ ጥብቅና ቆሜ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት» ብሎ መድቦታል። ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የሚረጭ፣ ባዶውን የመርዝ ጀሪካን አጥቦ ውሃ የሚቀዳበት ገበሬ ስንት አለ? ይህ ያስፈራል። ግን «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም ዋስትና አይደለም። እንዶድ ተፈጥሯዊ ነው፤ ዓሣ ይገድላል። የቅርንፉድ ዘይትም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። እኔ በጣቴ ዓይኔን ነክቼ አይቸዋለሁ።

እንዶድን ካነሳን ዶክተር አክሊሉ ለማን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። «ተፈጥሮ ድንቅ ነው» ብሎ አላለፈም። ስንቱ መጠን ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ሌላውንስ ምን ያደርጋል ብሎ ዓመታት መረመረ፤ ከቢልሃርዚያ ጋር ለሚደረገው ትግልም መሣሪያ አደረገው። ከዕፅዋት ጥቅም የሚገኘው በዚህ መንገድ እንጂ በማስታወቂያ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸው። ለግቢ ስንጥቅና ለለጋ አረም፣ ጓንት አድርጎ ዘይቱን መርጨት ይቻላል፤ የፈላ ውሃም ያንኑ ይሠራል፣ በነፃ። ለጤፍ ማሳ ግን የብልቃጥ ስብከታችንን እንተውና ለገበሬው ጓንትና ጭንብል፣ በመስመር ለተዘራ ማሳ የሚሆን ማረሚያ፣ ለተመራማሪዎቻችንም በጀት እንጠይቅለት።

ሰርዶውን? አሁን ጎንበስ ብዬ በእጄ እየነቀልኩት ነው። እናቴ ሻይ ላይ ቅርንፉድ ጣል ባደረገች ቁጥር ግን ዞር ብላ ታየኛለች።