መዳብ የማይተካበት ቦታ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ግንባታና ኢንዱስትሪ ላይ የቀረበ አስተያየት

ስለ መዳብ ጥቅም ሲጻፍ የሚዘረዘረው ብዙ ነው። ኤሌክትሪክንና ሙቀትን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ሳይሰበር ይሳባል፣ ይታጠፋል፤ እርጥበትን ይቋቋማል፤ ከዚንክ ጋር ሲዋሐድም ለቧንቧ መክፈቻና ለልዩ ልዩ መገጣጠሚያዎች የሚያገለግለውን ናስ ይሰጣል። ዝርዝሩ ትክክል ቢሆንም፣ ውስን ገንዘብ ይዞ መምረጥ ላለበት መሐንዲስ ግን በቂ መልስ አይሆንም። ለእርሱ ዋናው ጥያቄ መዳብ የት ሊተካ ይችላል፣ የትስ አይችልም የሚለው ነው።

ጥያቄው በደሴና በኮምቦልቻ የተለየ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በዘለቀበት ወቅት ወሎ ዩኒቨርሲቲና በርካታ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዝርፊያና ጉዳት ደርሶባቸዋል። በመልሶ ግንባታ ወቅት ደግሞ የሚዘረጋው ሽቦ በልስን ይሸፈናል፤ ስሕተት ቢኖርበት ለዓመታት ላይታይ ይችላል።

የመዳብ ዋነኛ ተፎካካሪ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ሲለካ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ ግን ከሲሶ በታች ነው። ስለዚህ በተራራ ላይ ለሚዘረጋ የከፍተኛ ኃይል መስመር አሉሚኒየም ተመራጭ ነው፤ በዚያ ወሳኙ ክብደት እንጂ ውፍረት አይደለምና። በግድግዳ ውስጥ ባለ ቱቦና በሞተር ሆድ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክብደቱ ብዙም አያሳስብም፣ ቦታው ግን የተወሰነ ነው። በእኔ እምነት መመሪያችን ሊሆን የሚገባው ይህ ነው፦ ቦታ በጠበበበትና መጋጠሚያ በበዛበት ሁሉ መዳብ አይተካም።

የኤሌክትሪክ ምጣድን እንውሰድ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከቆጣሪው 20 ሜትር ርቆ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገናኝ፣ መሄጃውና መመለሻው 40 ሜትር ይሆናል። ሽቦው ንጹሕ መዳብ ከሆነ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው 47 ዋት ያህል ነው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ብክነቱ ከ70 ዋት ይበልጣል። ከሙቀቱም በላይ አደጋው በመጋጠሚያው ላይ ነው። የአሉሚኒየም ገጽ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ብረቱም በብሎን ጥብቀት ሥር ቀስ በቀስ እየሸሸ ይላላል። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ የጋለውም ይበልጥ ይላላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመዳብ ዋጋ በመናሩ በአሉሚኒየም ሽቦ የተሠሩ ቤቶች ለቃጠሎ አደጋ የተጋለጡት በዚሁ ምክንያት ነበር።

በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በጨርቃ ጨርቅና በቢራ ፋብሪካዎች የሚሽከረከሩት ሞተሮችም የዚሁ ሕግ ተገዢዎች ናቸው። የተቃጠለ ሞተር እንደገና ሲጠመጠም ሽቦው የሚገባበት ጎድጓዳ ስፍራ አይሰፋም። ለመዳብ በተሠራ ሞተር ውስጥ በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ቢገባ ሞተሩ መዞሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ይግላል፣ ተጨማሪ ኃይል ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በጥገና ወጪ የተረፈው ገንዘብ በመብራት ሒሳብ ተመልሶ ይከፈላል።

ሦስተኛው ቦታ የመሬት ግንኙነት ነው። አሉሚኒየም አፈር ውስጥ ስለሚበላ እንደ ደሴ ባለ፣ ነጎድጓድ በማያጣው ደጋ ከተማ ለዚህ ተግባር አይታመንም፤ መዳብ ወይም በመዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ይገባዋል። ፍተሻውም በክረምት ብቻ መደረግ የለበትም። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ በነሐሴ ጥሩ የመሰለው ውጤት በደረቁ ወራት ላይጸና ይችላል።

መዳብ ውድ ነው፣ የውጭ ምንዛሪም ይጠይቃል የሚለው መከራከሪያ ተገቢ ነው። መልሱ ግን መዳብን ከማይተካበት ቦታ ማንሳት አይደለም። በአየር ላይ ለሚዘረጉ መስመሮች አሉሚኒየምን መጠቀም፣ ከጥቅም ውጪ የሆነውንም መዳብ ለይቶ መሰብሰብ ይሻላል፤ መዳብ ተቀልጦ በሚገባ ሲጣራ ባሕርዩን ሳያጣ ደግሞ ያገለግላልና።

ቁጥጥሩም ከባድ መሣሪያ አይሻም። የ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ የመዳብ ሽቦ 100 ሜትሩ፣ የፕላስቲክ ልባሱን ሳይጨምር፣ 3.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሬዚስታንሱም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.46 ኦም አካባቢ ነው። የተለበጠው አሉሚኒየም ክብደቱ ከዚህ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ሬዚስታንሱ ወደ 0.7 ኦም ይጠጋል። ዓይን የማይለየውን ሚዛን ይለየዋል ማለት ነው። በመሆኑም በሁለቱ ከተሞች የሚገነቡ የሕዝብ ሕንፃዎች ከመለሰናቸው በፊት የሽቦው ናሙና ተመዝኖና ተለክቶ ውጤቱ ከርክክብ ሰነዱ ጋር እንዲያያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም ይህን ልኬት የተግባር ትምህርታቸው አካል ቢያደርጉት ከተሞቹም ተማሪዎቹም ይጠቀማሉ። የመዳብ ጥቅም በመማሪያ መጽሐፍ ተዘርዝሯል፤ በግድግዳችን ውስጥ መኖሩን የምናረጋግጠው ግን ለክተን ብቻ ነው።