ባንኮኒውን ያወቀች ገበያውንም ትምራ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በቡሬ የስልክ ሱቆች ከከሰረ ቆይቷል። ካርድ የምትሸጠው፣ ሲም የምታወጣው፣ የገበሬውን ስልክ ተቀብላ የቴሌብር ሒሳብ የምትከፍትለት ብዙ ጊዜ ወጣት ሴት ነች። ይሁንና ገበያተኛው አንድ እርከን ከፍ ብሎ አከፋፋዩን ወይም የአካባቢውን የሽያጭ ኃላፊ ላነጋግር ቢል፣ የሚወጣለት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ተረቱ ከባንኮኒው ቢባረርም ከጓዳው አልወጣም ማለት ነው።

ነገሩን የመብት ጉዳይ ነው ብሎ ለስብሰባ መተው ይቻላል። ለነጋዴው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነች፤ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆባታል። ምርት ተሰብስቦ ገንዘብ ገበሬው እጅ ሲገባ ስልኩም፣ የውኃ ፓምፑም፣ የሶላር መብራቱም ይሸጣል። የቴክኖሎጂ ሻጭ የዓመት ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ወራት ነው። የሞባይል ገንዘብ ወኪል ደግሞ ሁለት ኪስ መጠበቅ አለባት፤ በስልኳ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ፣ በመሳቢያዋ ጥሬ ብር። አንዱ ካለቀባት ደንበኛው ጎረቤት ይገባል፤ ኮሚሽኑም አብሮት ይሄዳል። በየትኛው ቀን የትኛው ኪስ እንደሚራቆት የምታውቀው እዚያው የቆመችው ነች። ሚስጥር ቁጥሩን የረሳውን፣ መልእክት ማንበብ የማይችለውን፣ ስልኳን ለወንድ ሻጭ መስጠት የምትሸማቀቀውን ባልቴት የምታውቀውም እሷው ነች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ቴሌብር ያለ ዳታም በ*127# እንደሚሠራ ለገበያተኛው ማስረዳት የወደቀው ባንኮኒው ላይ ባለ ሰው ትከሻ ነበር። ይህ ዕውቀት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የለም።

ሴት ይህን ዘርፍ መምራት ትችላለች ወይ የሚለው ክርክር ዛሬ ዋጋ የለውም። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእሳቸው አመራር ሲሆን፣ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በልጠዋል። በ8294 የስልክ ጥሪ ታክሲን ከተሳፋሪ ያገናኘውን ራይድን የመሠረቱትም ሳምራዊት ፍቅሩ ናቸው። እንግዲህ ከላይ አዲስ አበባ ላይ ሴት አለች፤ ከታች ቡሬ ባንኮኒ ላይም አለች። የጎደለው የመሰላሉ መካከለኛ እርከን ነው።

ለምን ጎደለ? መጀመሪያ ነገር ገንዘብ ነው። አከፋፋይ ለመሆን ወኪሎችን የሚያጠግብ ማንቀሳቀሻ ያስፈልጋል፤ ባንክ ደግሞ ቤት አስይዙ ይላል፤ ቤቱ በአባት ወይም በባል ስም ነው። የሚገርመው ገጠሩ በዚህ ረገድ ከተማውን ቀድሞታል። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም መያዝ ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በሴቶች የተመሠረተው ይኸው የመያዣ ችግር ስለታየ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ በመደብር ያለ ዕቃና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ሕጉ አለ፤ በወጉ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰበብ ነው። «ሽንዲና ፍኖተ ሰላም እየተመላለሰ ወኪል የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሴት ማን ይልካል?» ይባላል። መንገዱ ሲከፋ ግን ለወንዱም ይከፋል። ደግሞም የወኪል ክትትል ገሚሱ በስልክና በዕለት ሒሳብ የሚያልቅ ነው። «ታገባለች፤ ትወልዳለች፤ ትሄዳለች» የሚሉም አሉ። ሥራውን ተምሮ፣ ደንበኛውን ይዞ፣ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተውን ወንድ ሠራተኛ ግን ማንም አይቆጥረውም።

መፍትሔው ከአከፋፋዩ መዝገብ ይጀምራል። ሽያጭን በሱቅ ብቻ ሳይሆን በሻጭ ስም ይመዝግብ፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ደንበኛ የሚመለሰው ወደ ማን እንደሆነ ይይ። በዚያ መዝገብ ቀዳሚ የሆነችውን ሁለትና ሦስት ወኪሎች ያስመራት፤ በዱቤ ዕቃ ይስጣት፤ የከፈለችበት ሰነድ ነገ ባንክ ፊት ይመሰክርላታል።

ገበሬው በርበሬውን ሸጦ ሲመጣ የሱቁን ባለቤት ስም አይጠይቅም። ብር ያላለቀበትን ባንኮኒ ነው የሚፈልገው። መሳቢያው መቼ እንደሚራቆት የምታውቀው እሷ ከሆነች ቁልፉም በእሷ እጅ ቢሆን አትራፊው ባለሱቁ ራሱ ነው።