ከፌልድበርግ ቁልቁል

ዛሬ ፖለቲካውን ትቼ ስለ ፍሬን ላወራ ነው። «ጋዜጠኛና ፍሬን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

እኛ ሰፈር፣ ኖርድኤንድ፣ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ፀሐይ በወጣች ቁጥር ወደ ታውኑስ ተራራ ይሸሻል። ጫፉ ፌልድበርግ 880 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ጉብታ ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ እሑድ አንድ የአገራችን ልጅ ከዚያ ሲወርድ የፊት ፍሬኑ ጠፋበት። ሲጨብጠው እጀታው ዝም ብሎ እስከ መሪው ገባለት። በኋላ ፍሬንና በማርሽ እየታገለ ወርዶ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ሸራውን እኮ በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት!» ይላል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

በዚህ አገር እሑድ መዶሻ ማንሳት ጎረቤት ስለሚያስቆጣ ሰኞን ጠብቀን ጓሮ ውስጥ ካሊፐሩን ፈታን። የውስጡ ሸራ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ የውጭው ግን አልተነካም ማለት ይቻላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። (ሙያውን ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ እዚህ በመጣሁ ሰሞን በአሮጌ ሞተር ዕቃ ሳደርስ ነው።) የልጁ ዓይነት ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ሲገፋ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ይስባል። የክረምት ጨው ፒኖቹን ካዛገ መንሸራተት ይቀርና አንዱ ሸራ ብቻውን ይሠራል፤ እጅ ከተለቀቀም በኋላ ዲስኩን እየፈገፈገ ይግላል። ፒስተኑን የሚመልሰውም ስፕሪንግ እንዳይመስላችሁ። በዙሪያው ያለች የጎማ ቀለበት ናት፤ ስንጨብጥ ትጣመማለች፣ ስንለቅ ስትቃና ፒስተኑን ጥቂት ትስበዋለች። ቆሻሻ ከያዘው ግን አቅም የላትም። ሸራውን የቀየረለት ሰው ፒስተኑን ከነቆሻሻው ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ አዲሱን ሸራ ከትቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሸኝቶታል።

ዘይቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል። ልጁ ቁልቁለቱ ላይ የጨበጠው እንፋሎት ነበር።

አባይ በረሃ ትዝ አለኝ። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመከፈቱ በፊት ለዘገባ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር ሾፌራችን ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር እያገደ ነበር የሚወርደው። ፍሬኑን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እኔ በልቤ «ምነው ተንቀረፈፈ!» እለው ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ፒኖቹን አጥበን ለፍሬን ጎማ የሚስማማ ግሪስ ቀባን፤ ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። ፒስተኑን እጀታውን በቀስታ እየጨበጥን ጥቂት ካስወጣነው በኋላ ዙሪያውን አጽድተን መለስነው። አቧራውን በአየር አልነፋንም፤ ጀርመን አስቤስቶስን የከለከለችው በ1993 እ.ኤ.አ. ነውና አሮጌ ሸራ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ከዚያ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ አፈሰስን፤ ጠላ መስሎ ወጣ። ቀለም ስለሚልጥ ታንኩን በጨርቅ ሸፍነነው ነበር። ቡሎኖቹን መጽሐፉ በሚያዘው ልክ አጥብቀን፣ ከመነሳቱ በፊት እጀታው እስኪጠነክር ደጋግሞ እንዲጨብጥ አደረግሁ። ይህን የረሳ የመጀመሪያው መብራት ላይ አይቆምም። እጁን የማያምን ደግሞ ለባለሙያ ይስጥ፤ ፍሬን መለማመጃ አይደለም።

ቅዳሜ ሸራው ዲስኩን እንዲለምድ በቀስታ እየነዳ እየቆመ በበርገር ሽትራሰ በኩል ዞሮ መጣ። ወርዶ እጁን ወደ ዲስኩ አስጠጋ።

«ጋሼ፣ አልጋለም» አለኝ።