ቃርሚያና ቁርስራሽ

ልጅ ሳለሁ የደብራችን ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ያለች፣ ግድግዳዋ ጥላሸት የጠጣ ትንሽ ቤት ነበረች። ገና ኪዳን ሳይደርስ ጭሷ ይታያል፤ ዲያቆናቱ የቅዳሴውን ኅብስት የሚጋግሩት እዚያ ነው። እኛ መግባት አይፈቀድልንም፤ የሚደርሰን ሽታው ብቻ ነበር። ስሟ ከጌታ የትውልድ ከተማ መወሰዱን አውቃለሁ። የከተማዋ ስም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት መሆኑን የሰማሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ይህን ትርጉም ይዤ መጽሐፈ ሩትን ስከፍት ደነገጥሁ። ታሪኩ የሚጀምረው በራብ ነዋ! የእንጀራ ቤት እንጀራ አጣ። ኑኃሚን ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ሞዓብ ወረደች፤ ሦስቱንም እዚያው ቀብራ፣ ሞዓባዊት ምራቷን ሩትን አስከትላ የተመለሰችው የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው። ሩት ማሳ የላትም፣ ዘመድ የላትም። የቀራት ቃርሚያ መልቀም ነው። የሙሴ ሕግ ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውን ዛላም ተመልሶ እንዳይለቅም ያዛል፤ የድሃና የመጻተኛ ድርሻ ነውና። የምትቃርምበት ማሳ ባለቤት ቦዔዝ ደግሞ ከሕጉ አልፎ፣ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ። ከዚህች ቃራሚ ኢዮቤድ ተወለደ፤ ከኢዮቤድ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት። ክርስቶስም በዚያችው ከተማ ተወልዶ በግርግም፣ ከብት በሚበላበት ገንዳ ተኛ። የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ብንስበው ከሰው ማሳ ጎንበስ ብላ ዛላ የምትለቅም ስደተኛ ሴት ላይ እንደርሳለን።

ስለ ምግብ ምሳሌነት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። እንጀራው ቃሉ ነው፣ ጨው ምእመናን ናቸው፣ ወይኑ ደስታ ነው እያልን እንፈታና ገበታውን ጥለን ወደ ሰማይ እንወጣለን። ምሥጢሩን የምክድ አይደለሁም፤ የምቆርበው አምኜበት ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እንጀራ ፍሬው ሲወጣ የሚጣል ገለባ አይደለም። ይበላል። ያጠግባል። ያልደረሰው ሰውም ይራባል።

ጌታ ሕዝቡን ያጠገበባቸውን አምስቱን እንጀራ እንውሰድ። የገብስ መሆናቸውን ከአራቱ ወንጌላውያን የነገረን ዮሐንስ ብቻ ነው። ገብስ የድሃ እህል ነበር፤ በራእዩ አንድ መስፈሪያ ስንዴ በሚሸጥበት ዋጋ ሦስት መስፈሪያ ገብስ ይገዛል። ጌታ ያን የአንድ ብላቴና ስንቅ ይዞ ሕዝቡን በሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ወንዶቹ ብቻ 5000 ያህል ነበሩ። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዘዘ። የእኛ ተርጓሚዎች የተነሣውን 12 «መሶብ» ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ ታሪኩን ቤታችን አስገቡት።

በዚህ ትእዛዝ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። አምስቱን ለሺዎች ያበዛ ጌታ ስለ ፍርፋሪ ምን ያስጨንቀዋል? በምድረ በዳ እኮ ለነገ ያሳደሩት መና ተልቶ ሸትቶ ነበር። ልዩነቱ እጁ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ መናውን ያሳደረው እጅ ነገን ፈርቶ ነው፣ ቁርስራሹን የሰበሰበው ግን ስጦታውን አክብሮ። አያቴ መሬት የወደቀ ቁራሽ ስታገኝ አንስታ ሳም ታደርገውና እግር የማይረግጠው ቦታ ታኖረዋለች። ስለ ምሳሌ አንድም ቀን አስረድታኝ አታውቅም።

ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በገበታቸው ላይ ያልደረሰው ሰው በመራቡ ነው። ለጌታ እራት ተሰብስበው፣ ያለው ቀድሞ በልቶ ይሰክራል፤ የሌለው ተርቦ አፍሮ ይቀመጣል። ሐዋርያው ይህን የጌታ እራት ብሎ ለመጥራት እንኳ እምቢ አለ። ቅዱሱን ማዕድና የጎረቤትን ሆድ አልለያያቸውም፤ እኛስ ማን ፈቀደልን? በአዲስ አበባ ከየሆቴሉ የተረፈው ምግብ «ቡሌ» ተብሎ ለድሃ ይሸጣል። እሑድ አስቀድሰን ስንወጣ ከደጀ ሰላሙ ማዶ የሚቀመጡት ሰዎች የሚበሉትን ያን ቡሌ ከኅብስቱ ጋር አያይዤ ማሰብ ከጀመርሁ ወዲህ እግሬ ቶሎ አያልፍም።

በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ነበርሁ። ዳሱ ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሰው በልቶ ጠግቦ ሲነሣ፣ በየሳህኑ የተረፈው ወጥ ከእንጀራው ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ይገለበጥ ጀመር። ሁለት ልጆች ፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሚጠብቁት በርሜሉን ነው። ከአስተናጋጆቹ አንዲት እናት አየቻቸው። መሶቡን ከፍታ ያልተነካ እንጀራ አወጣች፣ ከድስቱ ወጥ ጨለፈች። ልጆቹ ፌስታላቸውን ዘረጉላት።

«እጃችሁን ታጠቡ» አለቻቸው፤ ቄጠማው ላይም አስቀመጠቻቸው።